ሥዕል ያለበት ዋሻ፦ ከግድግዳው እስከ ወለሉ፣ ለጅማና አካባቢዋ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ዋሻ ግድግዳ ላይ የጥንት ሥዕል ያየ ሰው ዓይኑን ከሥዕሉ መንቀል ያቅተዋል። ስልኩን ያወጣል፣ ይጠጋል፣ ፎቶ ያነሳል። በዚያው ቅጽበት ታዲያ የቆመበትን አፈር እየረገጠ ነው። ሥዕሉን የሳሉት ሰዎች የበሉት አጥንት፣ ያነደዱት ከሰል፣ ቀለሙን የፈጩበት ድንጋይ ካለ፣ ያለው እዚያው እግሩ ሥር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ወለሉ ከግድግዳው እኩል ክብር ይገባዋል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የጻፍኩት በጅማና በዙሪያዋ ላሉ ሰዎች ነው፤ ለታሪክ ተማሪ፣ ለመምህር፣ ለአስጎብኚ፣ ለወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ። ቁፋሮው ራሱ ፈቃድ ያለው የባለሙያ ቡድን ሥራ ነው። ከቁፋሮው በፊት ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው በአካባቢው ሰው እጅ ነው። ቡድኑ መጥቶ ሲቆፍርም ሥራው የገባው የአገሬው ሰው አብሮ ከሌለ ብዙ ነገር ያመልጣል።

መነሻ፦ ምን ይታወቃል?

በአገራችን ዝነኞቹ ባለሥዕል ዋሻዎች ያሉት በምሥራቅ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1933 ተቆፈረ። በ1970ዎቹ ደግሞ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ እንደገና ቆፈሩት። በሐረርጌ ለጋ ኦዳ አለ፤ ግድግዳው በከብትና በሰው ሥዕል የተሞላ ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ዲላ አካባቢ ሸጴ አለ። እዚያ ላሞቹ በቀለም የተሳሉ ሳይሆኑ አለቱ ተፈልፍሎ የወጡ ናቸው።

ወደ እኛ ሲቀርብ ግን ዋሻዎቹ ስም ያወጡት በወለላቸው ነው። በካፋ ኩማሊ የተባለው የአለት መጠለያ ተቆፍሯል። ወላይታ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ ከ50,000 ዓመት ያለፈ ዕድሜ ካለው አፈር ውስጥ የባልጩት መሣሪያዎች አውጥቷል። በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ ደግሞ የ4,500 ዓመት ሰው አጽም ወጣ። ባይራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የዘረመል ውጤቱ ከአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ አጽም ሙሉ ዘረመል ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ሁሉ ከአፈር ሥር የወጣ ነው።

የምሥራቁና የኛ አገር ልዩነት ከድንጋዩም ይመጣል። ድሬዳዋና ሐረር ዙሪያ የኖራ ድንጋይ አለ። ጅማ ግን የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው አለት ላይ ነው። ዝናቡም ብዙ ነው። ውሃ በሚወርድበት ግድግዳ ላይ ቀለም አይቆይም። እንግዲህ እዚህ ሥዕል የሚፈልግ ሰው ደረቅ ቦታ ይፈልግ።

ደረጃ 1፦ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ

ዋሻ በካርታ ከመፈለግ ሽማግሌ መጠየቅ ይሻላል። የሞታን ዋሻ ለተመራማሪዎቹ ያሳዩት የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ጅማ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ኦቦ፣ አዴ ብላችሁ ሰላምታ አቅርቡ፤ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ወደ ጉዳዩ ለመግባት አትቸኩሉ።

ጥያቄያችሁ "ሥዕል ያለበት ዋሻ ታውቃላችሁ?" ከሆነ መልሱ ብዙውን ጊዜ "የለም" ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ድንገት ዝናብ ሲመጣ ከብት የሚያስጠልለው ሆልቃ (ዋሻ) የቱ ነው? በጦርነት ጊዜ ሰው የተደበቀው የት ነበር? የዱር ንብ የምትሰፍርበት አለት አለ? ሰው የማይገባበት፣ የሚከበር ቦታስ? የመጨረሻውን በጥንቃቄ ጠይቁ። ሰው የሚጸልይበት ወይም ስለት የሚሳልበት ዋሻ ከሆነ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይገባም። በቃ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሜትርና ጂፒኤስ ይዛችሁ ገደል ስትቧጥጡ የታያችሁ ቀን፣ ማታውን "ወርቅ ሊያወጡ ነው" ይባላል። ጣሊያን የቀበረው ወርቅ ወሬ በየአገሩ አለ። እናንተ ስትሄዱ ማታ ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። መድኃኒቱ ግልጽነት ነው። የቀበሌውን ሊቀመንበርና አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ምን እንደምትፈልጉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስረዱ። የምትፈልጉት ገልና ከሰል መሆኑን፣ ገበያ ላይ ሁለት ብር እንደማያወጣ ንገሯቸው።

ከዚያ በእግር ሂዱ። ጠንካራ የላቫ ንብርብር ከላይ፣ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አመድ ከሥር ያለበት ገደል ላይ ተስፋ አለ። ለስላሳው እየተበላ ሲሄድ ጠንካራው ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን በወንዝ ሸለቆዎች ዳር ፈልጉ፤ ጊቤና ጎጀብ ጥሩ መነሻ ናቸው። ጥሩ መጠለያ ውሃ ይቀርበዋል፣ ወለሉ ሜዳ ነው፣ ከጠፈጠፉ ወዲያ ውስጡ ደረቅ ነው። ወለሉ ባዶ አለት ከሆነ ለቁፋሮ ብዙም አይጠቅምም።

ለጤናችሁም አስቡ። የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ጥሩ ማስክ አድርጉ። ሽኮኮ የሚኖርበት አለት የቁንጭር በሽታ መነሻ ሊሆን ይችላል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ ሲመሽ ትወጣለችና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ዋሻ ውስጥ አትደሩ።

ደረጃ 2፦ ሥዕል ነው ወይስ አለቱ ራሱ?

እሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ብረት አለ፤ ብረቱ ሲዝግ ግድግዳው ይቀላል። ይህን ሥዕል ነው ብሎ መሳት ቀላል ነው። መለያው እንዲህ ነው። ዝገት ስንጥቅ ይከተላል ወይም ውሃ የወረደበትን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ቀለም ግን ስንጥቁን አቋርጦ ያልፋል። ዝገት ዳሩ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ የጣት ወይም የብሩሽ መስመር ዳር አለው። አሥር ጊዜ በሚያጎላ የእጅ ሌንስ ካያችሁት ቀለሙ ከአለቱ ፊት ላይ እንደ ደቃቅ ዱቄት ተለጥፎ ይታያል። ነጭና ብጫ ክቦች ካያችሁ ብዙ ጊዜ የድንጋይ ሽበት ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አትፋቁት። ጥቁሩ የእረኛ እሳት ጥላሸት ሊሆን ይችላል።

የጥንት ሠዓሊዎች ቀይ የሚያወጡት ብረት ካለበት ቀይ አፈር ነው። ብጫውን አፈር 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያሞቁት እሱም ይቀላል። ጥቁር ከከሰል ወይም ከማንጋኒዝ፣ ነጭ ደግሞ ከነጭ ሸክላ አፈር ይገኛል። ማጣበቂያው ስብ፣ ደም፣ ወተት ወይም የዛፍ ሙጫ ሊሆን ይችላል።

የተሳለው ነገር ራሱ ስለ ዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል። በለጋ ኦዳና በመሳሰሉት ቦታዎች ብዙ የሚታየው ሻኛ የሌለው ረጅም ቀንድ ያለው ከብት ነው። የቤት ከብት በአፍሪካ ቀንድ የታየው ባለፉት 5,000 ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ የላም ሥዕል ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። ግመል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ካያችሁ ያው ያለፉት ጥቂት ምዕተ ዓመታት ነው። እረኛ ልጅ በከሰል የጻፈውን ስምም አትናቁት፤ እሱም ይመዘገባል።

ደረጃ 3፦ አትንኩ፣ አታርጥቡ፣ አሳውቁ

ሥዕሉ ደምቆ እንዲታይ ውሃ የሚረጩ ሰዎች አሉ። አታድርጉት። ውሃው ሲደርቅ ከአለቱ ውስጥ ጨው እየጎተተ ያወጣና ቀለሙን ያላቅቀዋል። በጠመኔ ዙሪያውን መቀባት፣ በጣት መንካት፣ ከሥሩ እሳት ማንደድ ሁሉም ክልክል ነው። ፈረንሳይ ያለው ላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝቶ ለሕዝብ ተከፈተ፤ የጎብኚው ትንፋሽና መብራት ሥዕሉን ስለጎዳው በ1963 ተዘጋ። እዚያ ጉዳት ያደረሰው ሊያደንቅ የመጣ ሰው ነው።

ወለሉን ደግሞ አትጥረጉ። ጽዳት መስሏችሁ ድንጋይ አታንሱ፣ የፍየል በጠጥ ለማዳበሪያ አታፍሱ። መሬት ላይ ባልጩት ወይም ገል ካያችሁ እዚያው ባለበት ፎቶ አንስታችሁ ተዉት። ከቦታው የተነሳ ገል ታሪኩ ግማሹ ይጠፋል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደነበረ፣ ከማን ጎን እንደተኛ ማንም መመለስ አይችልም።

ትክክለኛ ቦታውን በቴሌግራምና በቲክቶክ አትልቀቁ። አሳውቁ የምለው ለሚመለከተው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። ያለ ፈቃድ መፈለግና መቆፈርም አይቻልም። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን ያዙ። ግልባጩን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንን ማማከርም ብዙ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን መዝግቡ

ይህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። እስክሪብቶ እርጥበት ያጠፋዋል፤ እርሳስ ይሻላል።

መጀመሪያ ቦታውን ያዙ። ጂፒኤሱ የሚሠራበትን ሥርዓት አብራችሁ ጻፉ። የቆዩት የአገራችን የመልክዓ ምድር ካርታዎች አዲንዳን የሚባለውን የልኬት መነሻ ይጠቀማሉ፤ ስልክ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው 200 ሜትር ያህል ይስታል። በገደል አገር 200 ሜትር ማለት ሌላ ዋሻ ማለት ነው። ሌላም አለ። ጅማና ቦንጋ ያሉት በካርታው ፍርግርግ (ዩቲኤም) ዞን 37 ውስጥ ነው፤ ወደ ሚዛን ተፈሪ ስትሄዱ 36 ዲግሪ ኬንትሮስን ታልፉና ዞኑ 36 ይሆናል። ይህን ያልጻፈ መዝገብ በኋላ ለሚፈልገው ሰው ትልቅ ራስ ምታት ነው።

ቀጥሎ የመጠለያውን ንድፍ ሳሉ። አፉ ወደየት ይዞራል፣ ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ ጠፈጠፉ የሚወርድበት መስመር። እያንዳንዱ ሥዕል ከወለሉ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ለኩ። ይህች ቁጥር ቀላል ትመስላለች። ሥዕሉ ዛሬ ጉልበታችሁ ላይ ከሆነ፣ ሠዓሊው የቆመበት ወለል ዛሬ ካለው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከዚያ ወዲህ አፈር ሞልቷል ማለት ነው። ከማንም እጅ በላይ የሆነ ሥዕል ደግሞ ወለሉ ታጥቦ እንደሄደ ወይም መሰላል እንደነበረ ያመለክታል። ግድግዳውና ወለሉ መነጋገር የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ፎቶ ስታነሱ መለኪያና የቀለም ካርድ ከጎን አድርጉ፤ ግድግዳው ላይ ግን አትለጥፉ። ሙሉ ግድግዳውን፣ ከዚያ ክፍሉን፣ ከዚያ አንዱን ሥዕል። በጥላ ሰዓት አንሱ፤ ግማሹን ፀሐይ የመታው ፎቶ አይጠቅምም። የተፈለፈለ ሥዕል ከሆነ መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ ጉድጓዱ ጥላ ሲጥል መስመሩ ይወጣል። ሦስት ገጽታ ያለው የኮምፒውተር ቅርጽ መሥራት የምትችሉ ከሆነ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከ60 እስከ 80 በመቶ ይደራረብ።

አሁን ደስ ወደሚለው ሥራ እንምጣ። ዲስትሬች የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጆን ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ የሠራው የፎቶ ማቀናበሪያ ነው። ለዓይን የጠፋ ቀይ መስመርን ቀለሙን ለጥጦ ያወጣዋል። ባዶ የሚመስል ግድግዳ ላይ በድንገት ቀንድ፣ ጅራት፣ ጡት ብቅ ይላል። በስልክ የሚሠራም አለ። ግን የተቀናበረውን ብቻ አታስቀምጡ፤ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀመጥ። ዲስትሬች ዝገትንም ያደምቃል፤ ስለዚህ በስክሪን ያያችሁትን ተመልሳችሁ ግድግዳው ላይ አረጋግጡ።

ሥዕል በሥዕል ላይ ከተደረበ የቱ ከላይ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ነው፤ የታችኛው ቀድሞ የተጋገረ ነው። ሕጉ ለግድግዳም ለአፈርም አንድ ነው።

ደረጃ 5፦ ፈቃድ፣ ቡድን፣ ወቅት

የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ ለግለሰብ ጉጉት ሳይሆን ለተቋምና ለብቁ ባለሙያ ነው የሚሰጠው። ምን ጥያቄ ልትመልሱ እንደምትቆፍሩ ካልጻፋችሁ ፈቃድ አትጠይቁ። "ምን እንዳለ ለማየት" ጥያቄ አይደለም።

ወቅቱን በተመለከተ እኔ ጥርና የካቲትን እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ጉድጓድ መክፈት የማይታሰብ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና ለቀማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገበሬውን ከማሳው ነቅሎ አፈር እንዲነፋ መጥራት ነውር ነው። ሠራተኛ ስትቀጥሩ ከዚያው ቀበሌ ቅጠሩ። ክፍያው በየሳምንቱ ሳይዘገይ ይከፈል።

ደረጃ 6፦ የት እንክፈት?

ሙሉ ዋሻ አይቆፈርም። ቁፋሮ የቆፈረውን ያጠፋል፤ ያንኑ አፈር ሁለተኛ መቆፈር አይቻልም። ከእኛ በኋላ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ እንዲያውም ዛሬ ከአፈር ብቻ የዘረመል ቅሪት ይነበባል። ከ30 ዓመት በፊት ይህን ማን አሰበ? ስለዚህ ትንሽ ክፈቱ፤ አብዛኛውን ተዉ።

በመጀመሪያ የማይነቃነቅ መነሻ ነጥብ ምረጡ። አለቱ ላይ ሥዕል የሌለበት፣ የማይታይ ጥግ ይሁን። ጥልቀትም ርቀትም ሁሉ የሚለካው ከእሱ ነው። ከዚያ ወለሉን በችካልና በሲባጎ አንድ በአንድ ሜትር ክፈሉት፤ እያንዳንዱን ካሬ ደግሞ በ50 ሴንቲ ሜትር አራት አድርጉት። ካሬዎቹን በፊደልና በቁጥር ሰይሟቸው። ቱንቢና ውሃልክ የግንበኛ ብቻ አይደሉም፤ እዚህም ያለ እነሱ አይሆንም። ቶታል ስቴሽን (ርቀትንና አቅጣጫን በኤሌክትሮኒክስ የሚለካ መሣሪያ) ካለ እሰየው።

የመጀመሪያው ካሬ የት ይሁን? ሰው ብዙ ጊዜ ከጠፈጠፉ መስመር ወደ ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ይቀመጣል። ቆሻሻውን ወደ ደጅ ይጥላል። ባለሥዕል ዋሻ ላይ ግን ቢያንስ አንዱ ካሬ ከሥዕሉ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ መሆን አለበት። ምክንያቱን ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ። ጠፈጠፉ የሚወርድበትን ራሱን ተጠንቀቁ፤ ውሃው አፈሩን ቦርቡሮ ንብርብሩን ቀላቅሎታል።

ደረጃ 7፦ ቁፋሮው

ዶማና አካፋ ይቀመጡ። የሚሠራው በትንሽ የግንበኛ ማንካ፣ በብሩሽ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በባልዲ ነው። ማንካው አይወጋም፤ በጠርዙ ይፍቃል። ቀርከሃው ለአጥንት ነው፤ ብረት አጥንት ይጭራል፣ ጭረቱም የጥንት ሰው ቢላ ምልክት ይመስላል።

የተፈጥሮ ንብርብር ካለ እሱን ተከተሉ። ቀለሙ ሲለወጥ፣ አፈሩ ሲጠነክር ወይም ሲላላ፣ አመድ ሲመጣ ቁሙ። አዲስ ቁጥር ስጡት። ንብርብሩ ወፍራም ከሆነና ልዩነት ካልታየ በ5 ሴንቲ ሜትር እየከፈላችሁ ውረዱ። ላይኛውን ሳትጨርሱ የታችኛውን አትንኩ። ሰው ሲጓጓ አንድ ጥግ ላይ ይጠልቃል፤ ያኔ ንብርብሮች ይቀላቀላሉ፣ ሥራውም ይበላሻል።

ምድጃ ስታገኙ ሁሉም ሰው እጁን ይሰብስብ። ጉልቻው፣ ቀይ የተቃጠለው አፈር፣ ከሰሉ፣ አመዱ አንድ ላይ ይታያሉ። ፎቶ፣ ንድፍ፣ ልኬት፤ ከዚያ ግማሹን ብቻ ቆርጣችሁ ጎኑን እዩ። ሌላውን ግማሽ ከዚያ በኋላ አንሱት።

የአውሬ ጉድጓድ ትልቁ ፈተና ነው። ጃርትና አይጥ ወለሉን ሲፈለፍሉ የዛሬውን ወደ ታች፣ የጥንቱን ወደ ላይ ያመጣሉ። ጉድጓዱ ላላ ባለ አፈር የተሞላ ክብ ሆኖ ይታያል። ሲታይ እሱን ብቻውን አውጥታችሁ ለብቻው ፌስታል ውስጥ አድርጉት። ይህ ካልተደረገ የላስቲክ ቁራጭ ከባልጩት ጋር ተገኘ ብላችሁ ስትጨነቁ ትውላላችሁ።

ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዕቃ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ቁጥር ይጻፍለት፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ታች። በቀኑ መጨረሻ በዚያ ካሬ የሠራው ሰው ራሱ ማስታወሻ ይጻፍ። "ምንም አልተገኘም" የሚለውም ይጻፍ፤ ባዶ ንብርብር ሰው ያልኖረበት ዘመን ሊሆን ይችላል።

ጉድጓዱ ከ1.2 ሜትር በላይ ከጠለቀ ጎኑን ደግፉ ወይም በደረጃ አስፉት። የላላ አመድ ሳይታሰብ ይናዳል። ከላይ ደግሞ ጣሪያውን በየጠዋቱ እዩ።

የሰው አጽም ከወጣ ሥራው ይቁም። ለባለሥልጣኑ ተወካይና ለሽማግሌዎቹ ንገሩ፤ ምን እንደሚደረግ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። ይህን ሳያደርጉ መቀጠል በሕግም በሰውነትም ልክ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ወንፊትና ውሃ

ከጉድጓዱ የወጣ አፈር ሁሉ ይነፋል። ሁለት ወንፊት ይኑራችሁ፤ አንዱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 2 ሚሊ ሜትር። የባልጩት ስብርባሪ፣ የአይጥ ጥርስ፣ ከእንቁላል ቅርፊት የተሠራ ዶቃ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ወንፊት ሾልኮ ይጠፋል። እያንዳንዱ ባልዲ ከየትኛው ካሬና ንብርብር እንደመጣ የሚናገር ወረቀት አብሮት ይሂድ። ፌስታሉ ላይ በማርከር፣ ውስጡ ደግሞ በእርሳስ ጻፉ፤ ከሁለት አንዱ ይተርፋል።

ከምድጃና ከአመድ የተወሰደ አፈር ግን ለብቻው ውሃ ውስጥ ይቀላቀላል። የከሰለ ዘርና እንጨት ይንሳፈፋል፤ በጨርቅ ይለቀማል፣ በጥላ ይደርቃል። የጤፍና የማሽላ ጉዳይ የሚታወቀው እንዲህ ነው። እንሰት ግን ያስቸግራል። የሚተከለው በዘር ስላልሆነ የከሰለ ዘሩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ቅጠሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ቅንጣቶች አሉ፤ ቅጠሉ ቢበሰብስም እነሱ ይቀራሉ፣ በማይክሮስኮፕም ይለያሉ። ስለዚህ ከየንብርብሩ አንዳንድ እፍኝ አፈር ሳይነፋ፣ ሳይታጠብ አስቀምጡ። የእንሰትና የቡና አገር ላይ እየቆፈሩ ይህን መርሳት ያሳዝናል።

ደረጃ 9፦ ግድግዳውን ከወለሉ ጋር ማገናኘት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ስንት ዓመቱ ነው?" ብሎ ነው። ለቀይ ሥዕል መልሱ ከባድ ነው። የከሰል ዕድሜ በካርቦን 14 ይለካል፤ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሠራል። ቀይ አፈር ግን ብረት ነው፣ ካርቦን የለውም። የኖራ ድንጋይ ዋሻ ላይ ሥዕሉን የሸፈነው የኖራ ልባስ በዩራኒየም ይለካል። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት አንድ ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት እንደሆነው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በእኛ እሳተ ገሞራ አለት ላይ እንዲህ ያለ ልባስ በቀላሉ አይገኝም። እንግዲህ ለእኛ ዋናው መንገድ ወለሉ ነው።

እንዴት? አንደኛ፣ ግድግዳው ሲፈረፈር ሥዕል ያለበት ስባሪ ይወድቃል። ስባሪው ከአንድ ንብርብር ውስጥ ከተገኘና ንብርብሩ ዕድሜው ከታወቀ፣ ሥዕሉ ቢያንስ ያንን ያህል ዕድሜ አለው። ስለዚህ ከግድግዳ ሥር የሚወጣ ማንኛውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳይታጠብ በሁለቱም ፊት ይታይ። በናሚቢያ አፖሎ 11 በሚባለው ዋሻ የእንስሳ ሥዕል ያለባቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በእንዲህ ያለ ንብርብር ውስጥ ተገኝተው ከ25,000 ዓመት በላይ መሆናቸው ታውቋል። እነሱ ከግድግዳ የወደቁ ሳይሆኑ በእጅ የሚያዙ ነበሩ፤ የንብርብሩ ሕግ ግን ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ቀለም የሚፈጭ ሰው መጅና ወፍጮ ይተዋል፣ የተፋቀ ቀይ ድንጋይም ይጥላል። ፖርክ ኤፒክ ላይ 40,000 ዓመት አካባቢ ከሆነው አፈር 4,213 ቁራጭ ቀይና ብጫ የቀለም ድንጋይ ወጥቷል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የመፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። ግን አትሳቱ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው ተብሎ ይታመናል። ወለል ላይ ቀለም መገኘቱ ብቻውን የግድግዳውን ዕድሜ አይናገርም። ሰው ቀለም ለገላውም ለቆዳ ማልፊያም ይጠቀማል። ሁለቱን ለማገናኘት የቀለሙ ኬሚስትሪ መመሳሰል አለበት፤ ያም የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ አካባቢው ላይ የወረደ የእሳተ ገሞራ አመድ ካለ ዕድሜው ይለካል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ከእሱ ይቀድማል። ይህ የኛ አገር ትልቅ ጸጋ ነው።

ለካርቦን የሚሆን ከሰል በእጅ አይነካም። በንጹሕ መቆንጠጫ አንስታችሁ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት። አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፤ ጥጥና ወረቀት አይንካው። አንድ ትልቅ ከሰል ከብዙ ስብርባሪ ይበልጣል። አሸዋው ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየበትን ጊዜ የሚለካ ዘዴም አለ፤ ለእሱ ናሙናው በጨለማ፣ በተዘጋ ቱቦ ይወሰዳል። ናሙና ከአገር ሲወጣ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደረጃ 10፦ መዝጋትና መመለስ

ቁፋሮው ሲያልቅ የጉድጓዱን አራቱንም ጎን ሳሉ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ወይም የላስቲክ መረብ ሥሩ ላይ አንጥፉ። ዓመተ ምሕረት ያለባቸው ጥቂት ሳንቲሞች ጣሉበት፤ ወደፊት የሚቆፍር ሰው መቼ እንደተዘጋ ያውቃል። የተነፋውን አፈር መልሳችሁ ሙሉ፣ ርገጡት። ክፍት የተተወ ጉድጓድ በአንድ ክረምት ይናዳል፤ ከብትም ይገባበታል።

ዕቃዎቹ ተቆጥረው፣ ተመዝግበው ለባለሥልጣኑ ይሰጣሉ፤ የምርምር ስብስቦች የሚቀመጡት በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ነው። የዝርዝሩን ቅጂ ለወረዳውና ለቀበሌው ስጡ። ውጤቱን ደግሞ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለሽማግሌዎቹ፣ ለትምህርት ቤቱ አድርሱ። ዋሻውን ያሳዩአችሁ ሰዎች ምን እንደተገኘ ከሬዲዮ መስማት የለባቸውም።

ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ክትትል ነው። በየዓመቱ፣ ዝናቡ እንዳቆመ አንድ ሰው ሄዶ ያንኑ ፎቶ ከዚያው ቦታ ያንሳ። አዲስ ስንጥቅ፣ አዲስ የውሃ መንገድ፣ አዲስ ጉድጓድ ካለ በዚያው ሳምንት ለወረዳው በጽሑፍ ያሳውቅ። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ሰው ከወጣቶቹ መካከል ቀበሌው ራሱ ይምረጥ፤ የትራንስፖርቱንና የስልክ ካርዱን ወጪ ደግሞ የቁፋሮው ቡድን ገና ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ይያዝለት።